አሥር ጌም በተከታታይ፦ የአትላንቲክ ሲቲ የፑል ጉዞ

የ2014 እንቁጣጣሽ ቅዳሜ ዋለ። የዩኤስ ኦፕን የፑል ውድድር ደግሞ ሰኞ ተጀመረ። እኔና ጓደኛዬ ፈቃድ ያገኘነው ከሐሙስ ጀምሮ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በስልክ ነው የተከታተልናቸው፤ እሱ መኪና ውስጥ፣ እኔ በምሳ ሰዓት።

አዲስ አበባ ፑል ቤት ያደገ ሰው የሚያውቀው ጥቁሯን ስምንት መጨረሻ ላይ የሚያስገቡበትን ጨዋታ ነው። ይሄኛው ባለ ዘጠኝ ኳስ ነው። ጠረጴዛው ላይ ካሉት ኳሶች ሁልጊዜ ትንሿን ቁጥር አስቀድሞ መንካት ግድ ነው። ዘጠኟን በሕጉ ያስገባ ጌሙን ወሰደ። ካልነካህ ፋውል ነው፣ ተጋጣሚህ ነጯን በእጁ አንሥቶ ደስ ያለው ቦታ ያስቀምጣታል። በዚህ ደረጃ ደግሞ ነጯን በእጁ ያገኘ ሰው ብዙውን ጊዜ ጌሙን ጨርሶ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ “ነካ ወይስ አልነካም” የሚለው ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ያወጣል። ይሄን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሦስቱንም ቀን ያወራነው ስለሱ ነው።

ሐሙስ፣ መስከረም 6 ቀን 2014፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ባሕሩ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ወጣን። ከበዓሉ የተረፈ ዶሮ ወጥ በፕላስቲክ ዕቃ፣ እንጀራው በፎይል ተጠቅልሎ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በማግስቱ ዓርብ ስለሆነ ዶሮው የግድ ዛሬ ማታ ማለቅ አለበት። መንገዱ ሰላም ከሆነ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

የባልቲሞርን ዋሻ ክፍያ ከፈልን። ደላዌር ገና ከመግባታችን ለአጭር መንገድ 4 ዶላር ከፈልን። ጓደኛዬ እያንዳንዷን ክፍያ በስልኩ ይመዘግባል። የደላዌር ሜሞሪያል ድልድይ ላይ ስንደርስ ግን ደስ አለው፤ ወደ ኒው ጀርሲ መግባት ነፃ ነው። የሚያስከፍሉት ስትወጣ ነው።

ከድልድዩ በኋላ ትልቁን አውራ ጎዳና ትተን በ40 ቁጥር መንገድ ሄድን። ይሄ የኒው ጀርሲ ክፍል ሰው ከሚያስበው የተለየ ነው። ፋብሪካ የለም፤ በቆሎ፣ ቲማቲም፣ አልፎ አልፎ ፈረስ። ዉድስታውንን አልፈን ኤልመር ልንደርስ ስንል የቀኝ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማውን ከሻንጣው ስናወጣው እሱም ነፋስ የለውም።

የቆምንበት ቦታ አጠገብ አንድ የገበሬ መደብ ነበር። ቲማቲም በቅርጫት፣ በቆሎ በክምር፣ ዋጋው በካርቶን ላይ ተጽፏል፣ ሻጭ ግን የለም። ገንዘቡን የምትከተው የብረት ሣጥን ውስጥ ነው። ጓደኛዬ ሣጥኑን ነቅነቅ አድርጎ “ይሄ መርካቶ ቢሆን ሣጥኑም አይኖርም ነበር” አለ። ትንሽ ቆይቶ ባለቤቱ በትራክተር መጣ። ሽማግሌ ነው፤ ብዙም አይናገርም። ትርፍ ጎማችንን ይዞ ሄዶ ነፋስ ሞልቶ መለሰልን። ብር ስንሰጠው እንቢ አለ። ቲማቲም ገዛንለት፤ ገንዘቡን እዚያው ሣጥን ውስጥ ከተትን።

ኤልመር አንድ ጎማ ቤት ያገለገለ ጎማ በ60 ዶላር ገጠመልን፣ ታክሱ ሲጨመር 64 ገባ። ጓደኛዬ እስከ አትላንቲክ ሲቲ ድረስ የተናደደው በዚህች አራት ዶላር ነው። ደላዌር የሽያጭ ታክስ የለም። “ከድልድዩ በፊት ቢፈነዳ ምን ነበረበት?” እያለ ሄደ። ነዳጅ ስንሞላ ግን ፊቱ ፈታ አለ። ኒው ጀርሲ ውስጥ ራስህ መቅዳት በሕግ ክልክል ነው፤ እንደ ቤታችን ማደያ ሠራተኛው ይመጣል፣ አንተ መስኮት ታወርዳለህ። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ እጄ ቤንዚን ያልሸተተበት የመጀመሪያ ቀን።

የያዝነው ማረፊያ ከከተማው ወጣ ብሎ ብላክ ሆርስ ፓይክ ላይ ያለ ሞቴል ነው። ሐሙስ 78 ዶላር፣ ዓርብና ቅዳሜ 140። ክፍሉ ያው ክፍል፣ አልጋው ያው አልጋ ነው። ማይክሮዌቩ ይበራል እንጂ አያሞቅም። ዶሮ ወጡን ቀዝቃዛውን በላነው። ቀዝቅዞም ዶሮ ወጥ ነው፣ አላማርርም።

ውድድሩ የተካሄደው ማሪና በሚባለው ሰፈር፣ ሃራስ ሆቴል ውስጥ ነበር። አዳራሹ ለመድረስ በቁማር ማሽኖቹ መሃል ማለፍ አለብህ፤ ሆን ብለው ነው ያሠሩት ብዬ አምናለሁ። ማሽኖቹ ያንጫጫሉ፣ ጢሱ አለ። ከዚያ በሩን ስትከፍት ድንገት ጸጥታ። የሚሰማው የኳስ መጋጨት ብቻ ነው። ዋናው ጠረጴዛ መብራትና ካሜራ ተደርጎለታል፤ ሌሎቹ በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል፣ በየአንዳንዱ ሁለት ሰዎች ይጋጠማሉ። በሁለት ሜትር ርቀት ቆመህ በቴሌቪዥን ብቻ የምታውቀውን ሰው ታያለህ።

እኔን የገረመኝ ዳኛው ነው፤ ማለትም አለመኖሩ። ዋናው ጠረጴዛ ላይ ጓንት ያጠለቀ ዳኛ አለ፣ ኳስ ይደረድራል፣ ፋውል ይጠራል፣ ውጤት ያውጃል። ዳር ያሉት ጠረጴዛዎች ግን የየራሳቸው ዳኛ የላቸውም። ፋውል የሠራ ሰው ራሱ “ፋውል” ብሎ ይቀመጣል። ወይም ተጋጣሚው ያየዋል። ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን ነው ዳኛ የሚጠራው።

አንዱን እንዲህ ያለ ነገር በዓይናችን አየን። ሸምገል ያለ አሜሪካዊና አንድ ወጣት አውሮፓዊ ይጫወታሉ። ወጣቱ ነጯን ከአራት ቁጥር ኳስ ጋር ልትነካካ ጥቂት ሲቀራት ሊመታ ጎንበስ አለ። ሽማግሌው ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ፦ ቆይ። ዳኛ መጣ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ዓይኑን ከኳሶቹ እኩል አድርጎ ጎንበስ አለ። ወጣቱ መታ። ዳኛው ለአንድ አፍታ ዝም ብሎ “ፋውል” አለ። ክርክር የለም። ወጣቱ ራሱን ነቅንቆ ተቀመጠ።

እንዴት አወቀ ካላችሁ፦ ኳሶቹ እንዲህ ሲቀራረቡ ዱላው ነጯን ሁለት ጊዜ ሊመታት ይችላል፣ ሁለት ጊዜ መምታት ደግሞ ፋውል ነው። ዓይን ያንን ፍጥነት አይዝም። ዳኛው የሚያየው ነጯ ከዚያ በኋላ የምታደርገውን ነው። የተመታችውን ኳስ ተከትላ፣ እኩል ፍጥነት ይዛ ወደ ፊት ከሮጠች ሁለቴ ተመትታለች። ሽማግሌው ቀድሞ ባይጠራው ኖሮ ነገሩ ለወጣቱ ይፈረድለት ነበር፤ ዳኛ ያላየው አጠራጣሪ ምት ለመቺው ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ እዚህ ቤት መጫወት ብቻ አይደለም፣ መቼ እጅ እንደሚዘረጋ ማወቅም ጨዋታ ነው።

ፑል ቤት እኮ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዳኛው ይበዛል። ሁለት ሰው ይጫወታል፣ አሥራ አምስት ሰው ይዳኛል። “ነካት!” “ኧረ አልነካትም!” በመጨረሻ ባለቤቱ ይመጣና የሂሳብ ጥያቄ ያደርገዋል፤ ማን ይክፈል? የተሸነፈ ይከፍላል፣ አለቀ። ጓደኛዬ እዚያ ጸጥ ያለ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ጊዜ “ኧረ!” ብሎ ጮኾ ሁለት ጊዜ ሰው ዞሮ አየው።

ዓርብ፣ መስከረም 7፦ ቦርድዎክ፣ ሽሮና ክርክር

ጠዋት ባሕሩን ለማየት ወጣን። ቦርድዎክ የሚሉት በባሕሩ ዳር የተዘረጋ የእንጨት መንገድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ነው የተጀመረው። ሰው በጎማ ወንበር ተቀምጦ በሌላ ሰው እየተገፋ ይሄዳል። ዋጋ ጠየቅን፣ በእግራችን ሄድን። ትራምፕ ፕላዛ የሚባለው የካዚኖ ሆቴል የነበረበት ቦታ ያኔ ባዶ መሬት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የካቲት ላይ በፈንጂ አፍርሰውታል።

አንድ የታክሲ ረድፍ አጠገብ ስናልፍ “ልጆች! ሀበሻ ናችሁ አይደል?” የሚል ድምፅ ሰማን። መስኮት ላይ ክንዳቸውን ያስደገፉ ሽበታም ሰው ናቸው። “አዎ ጋሼ፣ እንኳን አደረሰዎ!” አልን። “እንኳን አብሮ አደረሰን። እዚህ ምን ትሠራላችሁ? ለቁማር ነው እንዳትሉኝ።” ለፑል መሆኑን ስንነግራቸው ሳቁ። በወጣትነታቸው ፒያሳ ከረንቡላ ይጫወቱ ነበር። እዚህ ከመጡ በኋላ ብዙ ዓመት ካዚኖ ውስጥ ካርታ አከፋፋይ ሆነው ሠርተው ነው ወደ ታክሲ የዞሩት።

ምሳ ምን እንደምንበላ ጠየቁን። አርክቲክ ጎዳና ላይ ያለውን ኋይት ሀውስ የሚባለውን የሳንድዊች ቤት እንዳሰብን ነገርናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ ስሙ የታወቀ ነው። ቀና ብለው አዩን። “ዛሬ እኮ ዓርብ ነው። እዚያ ሥጋ የሌለበት ምን ልትበሉ?” ከዚያ ስልክ ደወሉ፣ “እንግዳ አለ” አሉ፣ አለቀ። ቤታቸው የገባነው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሽሮ፣ ጎመን፣ እኛ ከገበሬው የገዛነው ቲማቲም በቃሪያ ስልስ ሆኖ። እንጀራው ከፊላደልፊያ ነው የሚመጣላቸው። እትዬ ቡናውን ሦስተኛ ሳንጠጣ አንለቅም አሉ። ጋሼ ስለ ውድድሩ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ “ውርርድ አለበት?” ተጫዋቾቹ ለሽልማት ነው የሚጫወቱት ስንላቸው ትንሽ ያልተደሰቱ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛዎቹ እያነሱ፣ ሰው እየበዛ ሄዷል። ከኋላችን የተቀመጠው ሰውዬ ከኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ ነው የመጣው። ይሄ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1976 የተጀመረው እዚያው ኖርፎክ ነው፣ ባሪ በርማን በሚባል የፑል ቤት ባለቤት። በርማን እ.ኤ.አ. በ2016 ሞተ፣ ከዚያ እንግሊዞቹ፣ ማችሩም የሚባሉት የውድድር አዘጋጆች፣ ገዙት። ሰውዬው የድሮውን ይናፍቃል። “ያኔ ጢሱ አዳራሹ ውስጥ ነበር፣ አሁን ውጭ ወጣ” ይላል። የተናገረው ሁሉ ግን በቅሬታ አልነበረም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ጨዋታ መጀመሩን ያመሰግናል።

ሰውዬው የሼን ቫን ቦኒንግ ሰው ነው። ሼን መስማት የተሳነው ነው፣ በጆሮ መሣሪያ ነው የሚሰማው። ይሄንን ውድድር አምስት ጊዜ ወስዷል፤ ያንን ያደረገ ሌላ ሰው ኧርል ስትሪክላንድ ብቻ ነው። የዓለም ሻምፒዮናን ግን ያኔ ገና አላገኘም ነበር፤ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ፍጻሜ ደርሶ በኦስትሪያዊው አልቢን ኦውሻን ተሸነፈ። ኦውሻን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ሰኔ ላይ እንግሊዝ ውስጥ እንደገና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ፍጻሜው ላይ ማንም ያልጠበቀውን የኩዌቱን ኦማር አል ሻሂንን 13 ለ 9 ነው ያሸነፈው።

ጓደኛዬ “የሼን ጊዜ አልፏል” አለ። በተናገረ ተጸጸተ፤ ሰውዬው ለግማሽ ሰዓት አልለቀቀውም። ፎርም፣ ማለትም የተጫዋቹ የወቅቱ ብቃት፣ ፑል ላይ እንደ እግር ኳስ አይታይም ነው የሚለው። እግር ኳስ ላይ ሰውዬው ከባሰበት ሩጫው ይነግርሃል። እዚህ ግን አንድ ሰው ሳይስት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊሸነፍ ይችላል። ተጋጣሚው እየመታ እሱ ኳስ እንኳ አልነካም። “ታዲያ ፎርሙን ከየት አየኸው?” አለው። ጓደኛዬ መልስ አልነበረውም። እኔ በመክፈቻ ምቱ ነው የሚታየው ባይ ነኝ። የሚከፍተው ሰው ኳስ እያገባ፣ ነጯም መሃል ላይ እየቆመችለት ከሆነ ደህና ነው። ነጯ እየተንከራተተች ከሆነ ትናንት ያሸነፈው አይጠቅመውም።

የሰዓት ነገርም ተነሣ። ሞስኮኒ ካፕ በሚባለው የአሜሪካና የአውሮፓ የቡድን ግጥሚያ ላይ ለአንድ ምት 30 ሰከንድ ነው የሚሰጠው። ሰውዬው ይሄን አይወድም፤ አስቦ የሚጫወትን ሰው ይቀጣል ይላል። እኔ ደግሞ በዚያው ከሰዓት አንዱ ተጫዋች ለአንዲት ኳስ ጠረጴዛውን አራት ጊዜ ሲዞር አይቻለሁና ሰዓቱን እደግፋለሁ። ቡናዬ ቀዘቀዘ እኮ።

በነገራችን ላይ የአዳራሹ ቡና አምስት ዶላር ነበር፣ እንዲያውም ከእትዬ ቤት በኋላ ባይጠጣ ይሻላል። ኮሪደሩ ላይ ስቲክ ይሸጣሉ። ከአምስት መቶ ዶላር ጀምሮ እስከ የመኪና ዋጋ። አንዲት ትንሽ ጠመኔ ከ20 ዶላር በላይ! ሰፈር ፑል ቤት አንድ ጠመኔ ለሁሉም ነው፣ እስክታልቅ መሃሏ ተቦርቡሮ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 8፦ ፍጻሜው

ጠዋት ሞቴሉ ውስጥ ሙቅ ውሃ ጠፋ። እንግዳ ተቀባዩ “ቅዳሜ ሰው ይበዛል” አለን፤ እኛም ከሰዎቹ መሃል መሆናችንን ማስረዳት አልቻልንም። ጾሙ ስላለፈ በቀጥታ ወደ ሳንድዊች ቤቱ ሄድን። አንዱ ለሁለት ይበቃል፤ እኛ ሁለት አዘዝን፣ ግማሹን ለማታ ያዝን።

ግማሽ ፍጻሜዎቹ አልቀው ለፍጻሜ የቀሩት የፊሊፒንሱ ካርሎ ቢያዶና የሲንጋፖሩ አሎይሲየስ ያፕ ናቸው። አጠገቤ የተቀመጡት ፊሊፒናዊ አዛውንት ከቤተሰባቸው ጋር ነው የመጡት። ቢያዶ እ.ኤ.አ. በ2017 ዶሃ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። በዓመቱ እዚያው ዶሃ እንደገና ፍጻሜ ደርሶ በጀርመኑ ጆሹዋ ፊለር 13 ለ 10 ተሸነፈ። አዛውንቱ ግን የሚያወሩት ስለ ኤፍሬን ሬየስ ነው። ሬየስ ይሄን ውድድር እ.ኤ.አ. በ1994 ያሸነፈ የመጀመሪያው የውጭ አገር ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ለፊሊፒንስ ተጫውቶ የወሰደው አልነበረም። “ሃያ ሰባት ዓመት” እያሉ በጣታቸው ጉልበታቸውን ይመታሉ።

ፍጻሜው እስከ 13 ነው። ያፕ ሲጀምር የሚቆም አይመስልም። ገና 25 ዓመቱ ነበር፣ ረጋ ብሎ ነው የሚጫወተው፣ ፊቱ ላይ ምንም አታነብም። 8 ለ 3 መራ። አዛውንቱ ዝም አሉ። ልጃቸው ስልኳን አወጣች። ጓደኛዬ በጆሮዬ “አለቀ፤ መኪናውን ሰው ሳይወጣ እናውጣ” አለኝ። እኔም ልቤ ሳንድዊቹ ላይ ነበር፣ ግን ጃኬቴ ያዘኝና ቆየሁ፤ አዛውንቱ ተቀምጠውበታል፣ ተነሡ ማለት አፈርኩ።

አራተኛውን ቢያዶ ሲያገኝ ማንም ልብ አላለም። 8 ለ 5። 8 ለ 6 ሲሆን አዳራሹ ውስጥ ወንበር መንቀሳቀስ ጀመረ። ትናንት የኖርፎኩ ሰውዬ ያለውን ያኔ ነው ያየሁት። ያፕ ምን ሊያደርግ ይችላል? ወንበሩ ላይ ነው። ተራ ሲያገኝ ደግሞ ኳሱ ተደብቆ፣ መንገዱ ተዘግቶ ነው የሚጠብቀው። ቢያዶ የሚያስገባውን ያስገባል፤ የማያስገባውን ይደብቀዋል። 8 ለ 7። 8 እኩል።

ከዚህ በኋላ ዳኛውን ማየት ጀመርኩ። እንዲህ ሰው ሁሉ ሲነቃነቅ እሱ ድምፁን አልቀየረም። ውጤቱን በአንድ ዓይነት ድምፅ ያውጃል፣ ኳሶቹን ይሰበስባል፣ ይደረድራል፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላል። 9 ለ 8። 10 ለ 8። ፊሊፒናዊዎቹ አሁን በየምቱ ነው የሚያጨበጭቡት። ዳኛው እጁን ዝቅ አድርጎ አረጋጋቸው። ሐሙስ ጓደኛዬን ዞረው ያዩት ሰዎች ሁሉ አሁን እየጮኹ ነው፣ እሱም አልቀረም፦ “ኧረ! ኧረ! ኧረ!”

11። 12። 13። አሥር ጌም በተከታታይ። ያፕ 8 ላይ ቀረ።

አዛውንቱ ተነሥተው አቀፉኝ። ጃኬቴም ነፃ ወጣ። ቢያዶ ዋንጫውንና 50 ሺህ ዶላር ወሰደ። ከመኪና ማቆሚያው ለመውጣት 45 ደቂቃ ፈጀብን፣ ጓደኛዬ ግን ቃል አልተነፈሰም። ሳንድዊቹን እዚያው መኪና ውስጥ ጨረስነው።

እሑድ፣ መስከረም 9፦ መመለስ

ጋሼን ደውለን ተሰናበትን። ውጤቱን ሰምተዋል። “አምስት ወደ ኋላ ቀርቶ? ያ የሲንጋፖሩ ልጅ ከረንቡላ ቤት ቢያድግ ኖሮ አይሸነፍም ነበር፤ የሚያዘናጋ ጓደኛ ያመጣ ነበር” አሉ። ወደ ኤልመር ስንደርስ መደቡ ክፍት ነው፣ ሻጭ አሁንም የለም። ግማሽ ደርዘን በቆሎ ወስደን አራት ዶላር ሣጥኑ ውስጥ ከተትን።

ድልድዩ ላይ ለመውጣት 5 ዶላር ከፈልን፣ ጓደኛዬ መዘገበ። ጎማ፣ ሞቴል፣ ቲኬት፣ ነዳጅ፣ የመንገድ ክፍያ ሁሉ ተደምሮ ለእያንዳንዳችን አራት መቶ ዶላር አለፍ አለ። ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ፍጻሜውን ቤታችሁ ሆናችሁ በስክሪን ብታዩት ብዙ አይቀርባችሁም፤ ካሜራው ከእናንተ ይበልጥ ይጠጋል። ሂዱ ከተባለ ሰኞና ማክሰኞ ሂዱ። ዳር ያሉት ጠረጴዛዎች አጠገብ ቁሙ፣ ዳኛ የሌለባቸው ጋ። ሞቴሉም ያኔ ይረክሳል።